ጤነኛ ጣት ላይ የተለጠፈ ፕላስተር

ሐምሌ ላይ ብሎካችን ውስጥ ለቅሶ ነበር። ሶስተኛ ፎቅ ያሉ አባት ናቸው ያረፉት። ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንዶቹ ወንበር ማውረድ ጀመሩ፣ ሴቶቹ ደግሞ ያው እንደተለመደው ኮሚናሉ (የጋራ ማብሰያው ቤት) ውስጥ ገባን። እኔ ሽንኩርት ልጣጭ ላይ ተቀምጫለሁ፣ እሱን እችላለሁ። ሶስት ምጣድ ተጥዷል፣ ከአንዱ ምጣድ ኋላ የተቀመጡት እማማ (ብሎኩ በሙሉ እማማ ብቻ ነው የሚላቸው) ወገባቸውን ያዝ አድርገው ተነሱና ከዛ ሁሉ ሴት መሀል እኔን መርጠው "ነይ እስቲ ልጄ ተቀበይኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ" አሉኝ።

34 አመቴ ነው። ዲግሪ አለኝ፣ የሰው ሂሳብ እዘጋለሁ፣ ኦዲተር ሲመጣ የማይደነግጥ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። እንጀራ ግን ጋግሬ አላውቅም። አንድም ቀን። ምጣዱ ጋ ሄጄ "እማማ አልችልም" ማለት ምን ነበረበት? አፌ ግን ቀደመኝና "ውይ እማማ፣ ጣቴን ቆርጬዋለሁ" አልኳቸው። ሌላዋ ተነስታ ተቀበለቻቸው፣ ነገሩ እዛው አለቀ። ለኔ ግን አላለቀም፣ ምክንያቱም የተቆረጠ ጣት ሊታይ ይገባል አይደል፣ ስለዚህ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁና ታች ካለው ሱቅ ፕላስተር ገዝቼ ጤነኛ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ ተመለስኩ። ያን ቀን ሙሉ በሌለ ቁስል ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩ፣ ጣቷን የቆረጠች ሴት ሽንኩርት እንደማትልጥ እንኳን ትዝ አላለኝም።

ማታ እጄን ስታጠብ ፕላስተሩ ወደቀ። በሠልስቱ ጠዋት ሌላ ለጠፍኩ። ድንኳን ውስጥ ለእማማ ሻይ ሳቀብላቸው እጄን ያዝ አደረጉና አዩት፣ ከዛ ዝቅ ባለች ድምፅ "ቁስሉ ከትላንት ወዲያ ቀኝ እጅሽ ላይ አልነበር እንዴ?" አሉኝ።

ማንም አልሰማም። እሳቸውም ሌላ ነገር አልጨመሩም፣ ሻያቸውን ፉት አሉ። እኔ ግን ከዛን ቀን ጀምሮ ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ሌሊት ስገላበጥ ግራ እጄን እያየሁ ፊቴ ይግላል።

ሂጂ አጥኚ

እንጀራ አለመቻሌን ለረጅም ጊዜ የጊዜ ጉዳይ ነው ስል ኖሬያለሁ። ስራ አለኝ፣ እንጀራ ከሱቅ ይገዛል፣ በቃ። ፕላስተሩ ግን ሌላ ነገር ነው የነገረኝ። ጊዜ ያጣ ሰው "ጊዜ የለኝም" ነው የሚለው፣ ፕላስተር አይገዛም።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ካርዴ ላይ ደረጃ የሚለው ቦታ "1ኛ" ይላል። 60 ምናምን ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ አንደኛ መውጣት ማለት እቤት ውስጥ ስልጣን ነው፣ ጓዳ ስገባ እናቴ "አንቺ ሂጂ አጥኚ" ትለኛለች፣ ጭሱ አይንሽን ያጠፋዋል ትለኛለች፣ እንጎቻዋን ጋግራ በርበሬ ቀባ አድርጋ ደብተሬ አጠገብ ታስቀምጥልኛለች። ፍቅር ነው፣ አልወቅሳትም። ግን ምጣድ ጋ ሆኜ የሰው እጅ የማይበት አመታት ሁሉ እንደዛ አለፉ፣ እኔ የማውቀው መሶብ ውስጥ የገባውን ነው፣ ተደርድሮ፣ አይኑ ሞልቶ፣ ጠርዙ ተስተካክሎ። እንጀራ ለኔ ስህተት የሌለበት ነገር ነበር።

ከዛ ሳስበው እንጀራ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሆነን ላንጋኖ ሄደን ጓደኞቼ ውሃ ውስጥ ሲንቦራጨቁ እኔ ዳር ቁጭ ብዬ የሁሉንም ልብስ ስጠብቅ ዋልኩ፣ ዋና አልችልም ላለማለት "ብርድ አለብኝ" ብያለሁ። መንጃ ፈቃድ ላወጣ ተመዝግቤ በአራተኛው ቀን ዳገት ላይ መኪናው ጠፍቶብኝ ከኋላ ክላክስ ሲያንባርቁብኝ ወርጄ ሄድኩ፣ ቀሪ ክፍያውንም አልጠየቅኩም። ጊታርም ነበረች አንድ ሰሞን፣ እሷ አልጋ ስር ናት። ሁሉም ላይ ያደረኩት አንድ አይነት ነው፣ መጀመሪያ የምትመጣዋን የማፈሪያ ሰአት ማለፍ አልቻልኩም። አንደኛ መውጣት የለመደ ሰው መጨረሻ መሆን አይችልበትም፣ መጨረሻ ከሚሆን ባይገባ ይመርጣል። እኔ ይሄንን "ቁምነገረኛ ነኝ" ብዬ ነበር የምጠራው።

ጉልቻ ቢለዋወጥ

የሟቹ ተዝካር በ40 ቀን ነው። ያው ሴቶች እንደገና ኮሚናል እንገባለን። ሊጥ በክረምት እስኪቦካ ሶስት አራት ቀን ይፈልጋል፣ 40 ለ4 ሲካፈል 10 ሙከራ አለኝ ማለት ነው። እንዲህ ነው የማስበው፣ አትፍረዱብኝ። ኤክሴል ላይ ሰንጠረዥ ከፈትኩ፣ ቀን፣ የዱቄት መጠን፣ የቦካበት ሰአት፣ ውጤት። ወንድሜ አይቶ ሳቀ። (ወንድሜ አብሮኝ ነው የሚኖረው፣ እመለስበታለሁ።)

እርሾ ከጎረቤት መጠየቅ ማለት ራስን ማጋለጥ ነው፣ ስለዚህ እንጀራ ከምገዛበት ሱቅ ያለችውን ልጅ "ለእህቴ ነው" ብዬ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀበልኳት። እህት የለኝም። እንግዲህ ከፕላስተሩ ቀጥሎ ሁለተኛው ውሸት መሆኑ ነው።

የመጀመሪያውን ሊጥ አቡክቼ በሶስተኛው ቀን ቸኮልኩ። ክረምት ነው፣ ቤቱ ይበርዳል፣ ሊጡ ገና ነበር፣ የዩቲዩቡ ቪዲዮ ግን 8 ደቂቃ ነው የሚፈጀው እና 8 ደቂቃ ያየ ሰው ሶስት ቀን አይታገስም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፣ ምጣዱ ላይ ያዞርኩት ነገር አንድም አይን ሳያወጣ እንደ ቂጣ ተኮማትሮ ቁጭ አለ። ሁለተኛው ላይ አራት ቀን ጠበቅኩ። ከላይ የጠለለውን ውሃ ደፋሁ፣ ከሊጡ በጣሳ ቀንሼ የፈላ ውሃ ውስጥ እያማሰልኩ አብሲት ሰራሁ፣ ወፈር ሲልልኝ ደስ ብሎኝ ከነትኩሳቱ ባልዲው ውስጥ ገለበጥኩት። ኩፍ ይላል ብዬ ሁለት ሰአት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ምንም። የሞተ ሊጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዝም ነው የሚለው። አንዲት አረፋ የለችም።

ከዛ ምን ባደርግ ጥሩ ነው፣ ምጣዱ ነው ችግሩ አልኩ። የነበረን የኤሌክትሪክ ምጣድ ተከራይ ጥሎት የሄደ አሮጌ ነገር ነበርና መርካቶ ሄጄ አዲስ ገዛሁ፣ ዋጋውን አልናገርም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለውን እናቴ በቀን ሶስቴ ስትለው ነው ያደግኩት፣ ግን ተረት ሌላ ሰው ላይ ነው የሚታየን። አዲስ ምጣድ ደግሞ ራሱ ገና ነው፣ በጎመን ዘር ደጋግሞ ታሽቶ፣ ጠቁሮ፣ ለስልሶ ካልተሟሸ እንጀራ አይለቅም። እኔ ከካርቶኑ አውጥቼ ሶኬቱን ሰካሁና አዞርኩበት። በቢላ ነው የፋቅኩት። ግማሹ እንጀራ ምጣዱ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ቢላው ላይ።

ስለ ውድቀት ጥቅም የሚያወሩ የሞቲቬሽን ሰዎች አሉ አይደል፣ አዳራሽ ተከራይተው ስለ ኤዲሰንና ስለ አምፖሉ የሚተርኩ። ስንት ሺህ ጊዜ ሞከረ ምናምን። እኔ እዚህ ቤት መብራት በሄደ ቁጥር ሰውዬውን አስታውሰዋለሁ፣ ግን ያ ተረት አንድም ቀን ጠቅሞኝ አያውቅም። ሺህ ጊዜ መሞከር የሚችል ሰው ማን እንደሚያበላው አይነግሩንም። ጤፍ በዚህ ዋጋ ሆኖ ሶስት ባልዲ ሊጥ ማበላሸት "ትምህርት ነው" ብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ እንጀራ በውድ የሚሸጥበት ከተማ ውስጥ ውድቀት ዋጋ አለው፣ ዱቄት ነው ዋጋው።

ጥቁር ፌስታል

የተበላሸውን ምን ላድርገው? እንጀራ መጣል ግፍ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ወንድሜ የቻለውን በላ፣ "ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ" እያለ በዘይትና በበርበሬ ሲውጠው ነበር፣ ግን እሱም ሰው ነው። የቀረውን በጥቁር ፌስታል ቋጠርኩና ማታ 3 ሰአት ላይ ሰው ሲቀንስ ወደ ቆሻሻ ገንዳው ወረድኩ። ሬሳ የሚደብቅ ሰው ነው የምመስለው።

እማማ ገንዳው አጠገብ ቆመዋል። በዛ ሰአት ምን እንደሚሰሩ እስካሁን አልገባኝም። "ምንድነው እሱ?" አሉ፣ መልስ ሳይጠብቁ ፌስታሉን ተቀበሉኝ፣ ፈቱት፣ በስልካቸው መብራት አዩት፣ አንዱን አንስተው በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ቀመሱት። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ማለት ይሄ ነው፣ አንዲት ቃል የምዋሽበት ቦታ አልነበረም።

"ይሄ እኮ ድርቆሽ ይሆናል። የሚጣል አይደለም።" ከዛ ትንሽ አሰቡና "አብሲቱን ትኩሱን ነው እንዴ የመለስሽው?"

"አዎ እማማ።"

"ሊጡን ቀቀልሽዋ። ይቀዘቅዛል እኮ መጀመሪያ።" ፌስታሉን ራሳቸው ይዘው ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው "ቅዳሜ እጋግራለሁ፣ ጠዋት ነይ። ጣትሽ ከዳነ" አሉኝ።

ሌሊቱን ያሰብኩት ስለ ማፈሬ አልነበረም፣ ይሄ ገርሞኛል። ያሰብኩት ስለ አብሲቱ ነው። ሶስት ሳምንት ሙሉ "እኔ አልችልም" የምትለዋን አንዲት ነገር ስዞር ከርሜ አንዲት አሮጊት አንድ ቁራሽ ቀምሰው ችግሩ እኔ ሳልሆን የአብሲቱ ሙቀት እንደሆነ ነገሩኝ። የተበላሸው እንጀራ ላይ ምን እንደተበላሸ ተጽፎ ነበር ማለት ነው፣ እኔ ማንበብ ስላልቻልኩ በፌስታል ልጥለው ነበር። ኤክሴሌ ላይ ውጤት የሚለው ዓምድ ስር ሶስቱም ጋ የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፣ "ተበላሸ"። እንዴት እንደተበላሸ የሚል ዓምድ የለኝም። የሰው ሂሳብ እንደዚህ ብዘጋ ኖሮ በሳምንቱ እባረር ነበር።

የእማማ የመጀመሪያዋ

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። እማማ ቤት ምጣዱ በረንዳዋ ላይ ነው፣ ሊጡ በቡሃቃ ሞልቶ ኩፍ ብሎ ሊገነፍል ደርሷል። ስለ አብሲት ጠየቅኳቸው፣ "አብሲት ያልተጣለበት ሊጥ ጉልበት የለውም" አሉኝ። ኋላ ላይ ሳነብ ጤፍ ግሉተን የለውም፣ የስንዴ ሊጥ አየሩን አፍኖ የሚይዝበት መለጠጥ የለውም፣ ተቀቅሎ የወፈረው አብሲት ነው ሊጡን አያይዞ አየሩን የሚያቆይለት። ጉልበት የሚለው ቃል ግን ይሻለኛል።

ምጣዱን በጎመን ዘር አሰሱት። የሊጥ ጠብታ ጣል አድርገው ድምፁን ሰሙ፣ እንደገና ጠበቁ። ከዛ በጣሳ ቀድተው ከዳር ወደ መሀል ማዞር ጀመሩ፣ እጃቸው አይንቀጠቀጥም፣ ክሩ አይበጠስም፣ እኔ ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ እየቀረፅኩ ነው። ከደኑት። ትንሽ ቆይተው ከፈቱት።

ተበላሽቷል።

እውነቴን ነው፣ መሀሉ ላይ አይን የለውም፣ አንድ ጎኑ ተጣብቋል፣ በሰፌዱ ሊያወጡት ሲሉ ተቀደደ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው፣ ስልኬን አጠፋሁና ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ለሳቸው አፍሬ ነው። ልጅ የተጠራችበት ቀን፣ ሊያሳዩኝ ብለው፣ ስልክ ተደቅኖባቸው። ወይኔ እማማ ዛሬ አልሆነላቸውም፣ እንዳላየሁ ልሁን አልኩ በልቤ። ይቺን ሰከንድ ነው እስካሁን ደጋግሜ የማስባት። የሌላ ሰው ስህተት ሳይ እንኳን የሚመጣልኝ መጀመሪያ መሸፈን ነው።

ዞር ስል እማማ የተቀደደችውን እንጀራ ጠቅልለው ጎናቸው ካለው ሳህን ላይ አድርገው ምጣዱን እያሰሱ ነው። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። አልተናደዱም፣ አልሳቁም፣ ይቅርታም አላሉ።

"ምን ሆነባችሁ... ምን ሆነቦት እማማ?"

"ምኑ?"

"እንጀራው።"

"ኧረ እሷ ማሟሻ ናት" አሉኝ፣ ጥያቄው ራሱ ሳይገባቸው።

"ሁሌ እንዲህ ነው?"

"እንግዲህ 40 አመት ጋግሬያለሁ፣ የመጀመሪያዋን ቆጥሬያት አላውቅም። ምጣዱ ገና አላወቀኝማ።" ከዛ ሁለተኛዋን አዞሩ፣ አይኗ ግጥም አለ። በዛ ጠዋት 22 አወጡ። ቆጠራው ሲጀመር ሳህኑ ላይ ያለችውን አልነኳትም።

ማሟሻ የሚለውን ቃል አላውቀውም ነበር እንዳልል አውቀዋለሁ፣ በየቀኑ የምንለው ነው። ሰው ሲጫወትብን "ማሟሻ አደረጉኝ" እንል የለ፣ ከኔ ጀመሩ፣ ሞከሩብኝ ለማለት። ስድብ ነው ለኛ ለከተሜዎቹ። እማማ ጋ ግን ስድብም ማፅናኛም አይደለም፣ እቃ ነው፣ እንደ ሰፌዱና እንደ ማሰሻው የስራው አካል ነው። ከዱቄቱ ላይ ቀድማ ትታሰባለች። የእማማ እጅ 40 አመት የሰለጠነ ነው፣ ስልጠናው ግን የመጀመሪያዋን አላስቀረላቸውም። ያስቀረላቸው ነገር ቢኖር ፊት ማዞሩን ነው።

እና እናቴስ? እናቴም በየሳምንቱ አንድ እያበላሸች ነበር ማለት ነዋ! ደወልኩላት። "የመጀመሪያዋን የት ነበር የምታደርጊያት?" ስላት ሳቀች፣ "እዛው ምጣድ ዳር ቆሜ እበላታለሁ፣ ቁርሴ እሷ አልነበረች" አለችኝ። 18 አመት አብሬያት ኖሬ፣ የቁርሷን እንጀራ አላየሁትም፣ የሚያጠና ልጅ ምጣድ ጋ አይመጣማ።

ወንድሜ

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ፣ ይሄን ክፍል ላልጽፈው ነበር።

12ኛ ክፍልን ሲጨርስ የተፈተነው የ2014ቱን ፈተና ነው፣ 2015 መጀመሪያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተሰጠውን። ውጤቱ ጥር 2015 ወጣ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ልጆች 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው፣ 30 ሺህ ገደማ። ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ፣ በየቤቱ ለቅሶ ነበር። ወንድሜ ከ30 ሺው ውስጥ አልነበረም፣ ሬሜዲያል (ላላለፉት የተዘጋጀው ማካካሻ ትምህርት) የሚያስገባውንም አላገኘም። እናቴ አለቀሰች። እኔ ግን ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፣ ዘመድ እየደወለ ሲጠይቅ "ገና አላየም፣ ኔትወርኩ እምቢ ብሎ ነው" እያልኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ መለስኩ። እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እየሰማ። እሱን የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳየው ፕላስተር ነው የለጠፍኩበት፣ ደግሞ እሱ ሳይጠይቀኝ።

ከእማማ ቤት ተመልሼ ስለ ማሟሻ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና "እኛም ጋ አለ" አለኝ። አሁን ሞባይል ጥገና ነው የሚሰራው። ሲጀምር ወር ሙሉ የደንበኛ ስልክ እንዳይነካ ተደርጎ የሞተ ቦርድ ብቻ ተሰጥቶት ነበር፣ እየነቀለ፣ እየበየደ፣ እያቃጠለ። "የሞተ ነገር ላይ ካላበላሸህ በህይወት ያለውን ታበላሸዋለህ ነው የሚሉን" አለኝ። እኔ ያን ወር ሙሉ እጁ ተቃጥሎ ሲመጣ "ይሄም አልሆነለትም" እያልኩ ሳዝንለት ነበር።

"ታዲያ ፈተናውም እንደ ማሟሻ ነው በለኛ" አልኩት፣ ላጽናናው ፈልጌ። ቀና ብሎ አየኝና "አይደለም" አለኝ። "ማሟሻ ከኋላዋ ሊጥ አለ። እኔን በዛች አንድ ሳምንት ነው የቆጠሩኝ።"

መልስ የለኝም ለዚህ። አሁንም የለኝም። 12 አመት ሙሉ እያንዳንዷ ስህተት ቀይ ኤክስ እየተደረገባት ተቆጥራ፣ የመጨረሻዋ ደግሞ በአገር ደረጃ ተቆጥራ በመቶኛ የተነገረችበት ልጅ፣ ሳትቆጠር ጎን ስለምትደረግ እንጀራ ስነግረው ምን ይበል። ያጠፋሁት እዛ ጋ ነው እንጂ ኔትወርኩ ጋ ብቻ አይደለም፣ እቤት ውስጥ እንኳን የማይቆጠርበት ቦታ አልሰጠሁትም። ይቅርታ አልኩት። "እሺ" አለኝና "እሱን ተይውና ሊጡን ልየው፣ ዛሬ ምን አረግሽው" ብሎ ባልዲውን ከፈተ። ኤክሴሉ ላይ "እንዴት ተበላሸ" የሚለውን ዓምድ የጨመረው እሱ ነው።

ተዝካሩ

10 ሙከራ ብዬ 8 ነው የደረሰልኝ። አራተኛው ላይ አይን አወጣ ግን ጎመዘዘ። አምስተኛው ላይ ምጣዱ ከመጠን በላይ ግሎ ሊጡ ሳይዞር መሀል ላይ ያዘ። ስድስተኛው ላይ መብራት ሄደ፣ እሱ የኔ ጥፋት አይደለም፣ ተመዝግቧል። ሰባተኛው ላይ ከ14 ውስጥ 9ኙ ሰው ፊት የሚቀርብ ሆነ፣ ሱቅ ላለችው ልጅም እርሾውን ያቦካሁት እኔ ነኝ ብዬ ሁለት ወሰድኩላት። አንዱን ገልብጣ አየችውና "እህትሽ አልበረታችም" ብላ ሳቀችብኝ፣ ለካ እሷም ያኔውኑ አውቃ ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ አልፎ ተዝካሩ ደረሰ። ኮሚናሉ ያው ነው፣ ጭስ፣ ሳቅ፣ ሽንኩርት። ሶስተኛው ምጣድ ጋ የነበረችው ሴትዮ ልጇ አለቀሰባት መሰለኝ ስትነሳ ማንም ሳይጠራኝ ሄጄ ተቀመጥኩ። ልቤ ይደልቃል። አሰስኩ፣ ጠብታ ጣል አደረግኩ፣ አዞርኩ። የመጀመሪያዋ ተቀደደች፣ ያውም ከእማማዋ ብሳ ለሁለት። አንዷ ልጅ እግር አየት አድርጋ ወሬዋን ቀጠለች። ሳህን ፈለግኩ፣ አልነበረም፣ ጎኔ ላስቲኩ ላይ አደረግኳት፣ ሁሉም በሚያያት ቦታ፣ የሚጎረብጥ ነገር እንደሆነ አልክድም፣ ሁለቴ ፌስታል ፍለጋ አይኔ ዞሯል። ሁለተኛዋ ወጣች። ሶስተኛዋ ወጣች። ሰባተኛዋ ላይ ወሬ ውስጥ ገባሁና ክዳኑን ወደ ራሴ አቅጣጫ ከፈትኩት፣ እንፋሎቱ እጄ ላይ ተለቀቀ።

"ውይ! እጄን!"

እማማ ከጎኔ ያለው ምጣድ ጋ ናቸው። ቀና አላሉም፣ ሊጣቸውን እያዞሩ ነው።

"የትኛውን ነው ዛሬ፣ የቀኙን ነው የግራውን?" አሉኝ።